እንግዳ ተማሪን ስለ መሸኘት



በቋንቋችን «መሸኘት» ማለት ከሚሄደው ሰው ጋር ጥቂት መንገድ አብሮ መሄድ ማለት ነው። አባቶቻችን የመሸበት መንገደኛ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ ሲመጣባቸው እግሩን አጥበው፣ ያላቸውን አቅርበው፣ መደባቸውን ለቀው ያሳድሩት ነበር። ሲነጋም ስንቁን ቋጥረው እስከ ወንዙ ወይም እስከ ጋራው ጥግ ድረስ ይከተሉት ነበር። እሱ «በቃ ተመለሱ» እያለ ሲለምን፣ እነሱ «ጥቂት እንሂድ» እያሉ ሲከራከሩ መንገዱ ይገፋል። በመጨረሻም «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ» ተባብለው ይለያያሉ። እንግዲህ እንግዳን ያሳደረ ሰው ሥራው የሚፈጸመው በመሸኘቱ ነው።

ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ይኸው ሽኝት በሌላ አገርና በሌላ መልክ እንዴት እንደሚደረግ ነው። በአሜሪካ አገር አንድ ዓመት ተምረው ወደ አገራቸው የሚመለሱ የልውውጥ ተማሪዎችና እነሱን በቤታቸው ያኖሩ ቤተሰቦች፣ የትምህርቱ ዓመት ሲያልቅ፣ ከቤት ወጥተው በመናፈሻ ሜዳ ላይ አብረው ምሳ ይበላሉ። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ ጨዋታና ሽርሽር ብቻ ይመስላል። ጠጋ ብሎ ለመረመረው ግን የዓመቱ የመጨረሻ ትምህርት የሚሰጥበት ቀን ነው። ጉዳዩ እኛንም ይነካል። በመሥሪያ ቤት የምንውል ሰዎች ልጆቻችንን ወደ ውጭ አገር እንልካለን፤ ራሳችንም ለትምህርት እንሄዳለን፤ አንዳንዶቻችንም ከሩቅ አገር የመጣ ወጣት በቤታችን እናኖራለን። በመላክና በመቀበል በኩል ብዙ እንደክማለን። መሸኘትንና የተመለሰውን ልጅ እንደ ገና መቀበልን ግን አዘውትረን እንዘነጋለን።

በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የልውውጡ አሠራር ከየት እንደ መጣ እንመልከት። ከምንጮቹ አንዱ የጦር ሜዳ መሆኑ ሳያስደንቅ አይቀርም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1915፣ ፒያት አንድሩ የሚባል አሜሪካዊ በፈረንሳይ አገር የቆሰሉ ወታደሮችን በአምቡላንስ የሚያመላልሱ በጎ ፈቃደኞችን አሰባሰበ። ይህም ድርጅት «አሜሪካን ፊልድ ሰርቪስ» ተባለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም የድርጅቱ ሾፌሮች እንደ ገና ለዚሁ ሥራ ተሰለፉ። ጦርነቱ ሲያበቃ፣ ከመጀመሪያው ጦርነት ጀምሮ በዚሁ ሥራ ላይ የነበረው እስቲቨን ጋላቲና ጓደኞቹ፣ ቁስለኛን ማንሣት መልካም ቢሆንም የየአገሩ ወጣቶች ገና በለጋነታቸው እንዲተዋወቁ ማድረግ ከዚያ የሚበልጥ ሥራ መሆኑን አሰቡ። በ1947 ከ10 አገሮች የተውጣጡ 52 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ወደ አሜሪካ ሄደው በየቤተሰቡ ገቡ። ከተማሪዎቹም መካከል ገና ከጦርነት ፍርስራሽ ያልተላቀቁ አገሮች ልጆች ነበሩባቸው።

ተማሪው በሆቴል ወይም በአዳሪ ቤት ሳይሆን በሰው ቤት ይኑር የሚለው ሐሳብ ግን ከዚያ የቀደመ ነው። ዶናልድ ዋት የሚባል አሜሪካዊ በ1932 ወጣቶችን ወደ አውሮፓ ይዞ እየሄደ ከሌላ አገር ወጣቶች ጋር የሚያገናኝ ድርጅት መሥርቶ ነበር። በመጀመሪያ ወጣቶቹን በስዊትዘርላንድ በአንድ ሰፈር ቢያሰባስባቸውም፣ የአንድን አገር ሕዝብ ለማወቅ ከቤተሰብ ጋር አብሮ ከመኖር የተሻለ መንገድ እንደሌለ ከሙከራው ተማረ። ከዚህም በኋላ ተማሪውን በየቤተሰቡ ማሳደር የድርጅቱ ዋና ሥራ ሆነ። በዚሁ ድርጅት አማካይነት በ1934 ወደ ጀርመን ከሄዱት ወጣቶች አንዱ ሳርጀንት ሽራይቨር ነበር። ይህ ሰው በ1961 የሰላም ጓድ ሲቋቋም የመጀመሪያው ኃላፊ ሆነ። በሚቀጥለውም ዓመት፣ በ1962፣ የሰላም ጓድ መምህራን ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች ማስተማር ጀመሩ። በዕድሜ ከገፉት አንባብያን መካከል እንግሊዝኛን ወይም ሒሳብን ከእነሱ የተማረ አይጠፋም። እነዚያም ወጣቶች ሲመለሱ በየከተማው እንዴት እንደ ተሸኙ የሚያስታውስ ይኖራል።

አሁን ደግሞ ቤተሰቡን እንመልከት። በአሜሪካ መንግሥት ደንብ መሠረት የሁለተኛ ደረጃ የልውውጥ ተማሪ ሲሄድ ዕድሜው ከ15 ዓመት ያላነሰ፣ ከ18 ዓመት ከመንፈቅ ያልበለጠ መሆን አለበት። ቤቱ አስቀድሞ ይጎበኛል፤ በቤቱ የሚኖሩት ዐዋቂዎች የወንጀል መዝገብም ይመረመራል። የላኪው ድርጅት ተጠሪ በየወሩ ተማሪውንና ቤተሰቡን ማነጋገር ግዴታው ነው። አስተናጋጁ ቤተሰብ አልጋና ምግብ ያቀርባል እንጂ ደመወዝ አይቆረጥለትም። ደንቡን ላሟላ አስተናጋጅ የአገሩ የግብር ሕግ የሚፈቅድለት፣ ተማሪው ትምህርት ላይ ለቆየበት ለያንዳንዱ ወር እስከ 50 ዶላር የሚደርስ ወጪ ግብር ከሚከፈልበት ገቢው ላይ እንዲቀነስለት ነው። ይህም የልጁን ቁርስ እንኳ የማይሸፍን ገንዘብ መሆኑን ለማወቅ ሒሳብ ዐዋቂ መሆን አያስፈልግም። እንግዲህ ቤተሰቡ ልጁን የሚያኖረው በፈቃዱና በፍቅሩ ነው። በዋጋ ያልተሰጠ ነገር ደግሞ በዋጋ አይመለስም፤ በክብር ተሸኝቶና በግልጽ ምስጋና ይዘጋል እንጂ። የስንብቱ ምሳ ያስፈለገበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ምሳው ብዙውን ጊዜ የሚደረገው በግንቦት መጨረሻ ወይም በሰኔ ነው። ቦታው የከተማው መናፈሻ ነው፤ በዚያም ረጃጅም የእንጨት ገበታዎች፣ ከዝናምና ከፀሐይ የሚጠለሉበት ዳስ፣ ሥጋ የሚጠበስበት የብረት ምድጃ ይገኛል። ድግሱን አንድ ሰው አይደግሰውም። ከየቤቱ አንድ አንድ ምግብ እየተሠራ ይመጣል፤ አንዱ የድንች ሰላጣ፣ ሌላው የተቀቀለ በቆሎ፣ ሌላው ከርቡሽ ወይም ኬክ ያመጣል። አባቶች ሽርጥ አገልድመው ምድጃው አጠገብ ቆመው ሥጋውን ያገላብጣሉ። ተማሪዎቹም ባዶ እጃቸውን አይመጡም፤ እያንዳንዱ የአገሩን ምግብ ሠርቶ ያቀርባል። ከኛ አገር የሄደ ልጅ ቢኖር፣ ጤፍ በማይገኝበት ትንሽ ከተማ በስንዴ ዱቄት እንጀራ ለመጋገር ሲታገል አስቡት። ያስተናገደችው ሴት «ምን ልርዳህ?» እያለች በራስዋ ወጥ ቤት እንግዳ ሆና ከኋላው ትቆማለች። ዓመቱን ሙሉ ሲመገብ የኖረው ልጅ በዚያ ቀን መጋቢ ይሆናል።

ዋናው ምሥጢር ያለው በዚህ ላይ ነው። በቤት ውስጥ ባለቤትና እንግዳ አለ። ባለቤቱ ወንበሩን ያውቃል፤ እንግዳው የት እንደሚቀመጥ ይጠይቃል። ሜዳ ላይ ግን ሁሉም እንግዳ ነው፤ መሬቱ የማንም ቤት አይደለምና። ገበታውም የሁሉም ስለ ሆነ ሰጪና ተቀባይ አይለይም። ፍቅር ካለ አንድ ባቄላ ለዘጠኝ ይበቃል የሚለው የአባቶች አነጋገር የሚፈጸመው እንዲህ ባለው ገበታ ነው። ልጁ የቤቱ ተረጂ ሆኖ ሳይሆን እኩል ሆኖ ይሰናበታል።

በዚህ ገበታ ላይ ሊጠነቀቁለት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ከተማሪዎቹ መካከል እስላምም፣ ክርስቲያንም፣ ሥጋ ጨርሶ የማይበላም ይኖራል። ስለዚህ አስተዋይ አሰናጆች በየሳሕኑ ፊት የሥጋውን ዓይነትና የገባበትን ነገር በወረቀት ጽፈው ያኖራሉ፤ የአሳማ ሥጋም ከሌላው ይለያል፤ ማንኪያውም አይቀላቀልም። ይህ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። በሠርግም ሆነ በተዝካር የእስላሙን ጎረቤት ገበታ ለይቶ፣ አራጁንም ከራሱ ወገን አድርጎ ማቅረብ የቆየ ጨዋነታችን ነው። እንግዳ ሳይጠራጠር የሚበላበት ገበታ ከብዙ ንግግር ይልቅ መከበሩን ይነግረዋል።

ከምሳው በኋላ ኳስ ይጫወታሉ፤ ገመድ ይጓተታሉ። ከዚያም ፀሐይዋ በረድ ስትል ንግግር ይደረጋል። ተማሪዎቹ ተራ በተራ እየተነሡ ያስተናገዷቸውን ሰዎች ያመሰግናሉ። አስተናጋጆቹም ይመልሳሉ። በመስከረም እንግሊዝኛ ተሰባብሮበት በምልክት ሲናገር የነበረው ልጅ አሁን ሰውን የሚያስቅ ቀልድ ይናገራል። ከንግግሩ ይልቅ የሚናገረው ግን አንዳንድ ጊዜ ዝምታው ነው። ሦስት ቃል ተናግሮ የሚቀመጥ አባት አለ፤ ወደ ምድጃው ዘወር ብሎ የጠፋ ከሰል የሚቆሰቁስ አባትም አለ። ልጆቹ በባንዲራ ወይም በመታሰቢያ መጽሐፍ ላይ ስማቸውን ይጽፋሉ፤ በመጨረሻም ሁሉም ተሰብስበው ፎቶግራፍ ይነሣሉ።

ለምን ይህን ያህል መጨነቅ ያስፈልጋል? ምክንያቱ መመለስ ከመሄድ የማይቀል በመሆኑ ነው። በ1955 ስቨሬ ሊስጎር የሚባል ኖርዌያዊ ምሁር፣ በፉልብራይት የትምህርት ዕርዳታ አሜሪካ ቆይተው የተመለሱ ከ200 የሚበልጡ ኖርዌያውያንን ጠይቆ ጥናቱን አሳተመ። ከ6 ወር በታች የቆዩትና ከ18 ወር በላይ የቆዩት ኑሮው ተስማምቷቸው ሲያገኛቸው፣ በሁለቱ መካከል ያሉት ብቸኝነት የበዛባቸው ሆነው አገኛቸው። ስሜቱ መጀመሪያ ከፍ ብሎ፣ መካከል ላይ ወርዶ፣ በኋላ እንደ ገና የሚወጣ ሸለቆ ሆኖ ታየው። በ1963 ደግሞ ጋላሆርን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሸለቆው አንድ ብቻ እንዳልሆነ ጻፉ፤ ሰውየው አገሩ ሲገባ ሁለተኛ ሸለቆ ይጠብቀዋል አሉ። ከዚያ ወዲህ የተነሡ ተመራማሪዎች ይህ መስመር ለሰው ሁሉ እኩል እንደማይሠራ አሳይተዋል። ቢሆንም፣ የተመለሰ ሰው በገዛ ቤቱ ባዕድነት ሊሰማው እንደሚችል ከውጭ አገር የተመለሰ ዘመድ ያለው ሁሉ ያውቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወደ ውጭ የሚሄድ ልጅ አዲስ ነገር እንደሚገጥመው ያውቃልና ይዘጋጃል። ወደ ቤቱ የሚመለሰው ግን ምንም እንዳልተለወጠ አስቦ ይመለሳል። ሲደርስ እሱም ተለውጧል፤ ቤቱም ተለውጧል። ጓደኞቹ ያለ እሱ አንድ ዓመት ኖረዋል። የሚነግረው ብዙ አለው፤ የሚጠይቀው ሰው ግን ከሦስት ቀን በኋላ ይጠፋል። «እዚያ እኮ እንዲህ ነው» ማለት ሲያበዛ «ፈረንጅ ሆነ» ይባላል። ዝም ሲል ደግሞ «ኮራ» ይባላል። በዚህ መካከል ብዙ ወጣት ሐሳቡን በሆዱ ይዞ ይቀራል፤ የአንድ ዓመት ዕውቀትም ለአገሩ ሳይጠቅም ይደርቃል። ከቤተሰብም ሆነ ከመንግሥት ኪሣራው ይህ ነው።

ቀድሞ መንገዱ ራሱ ሽኝት ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተማሪዎቹ ባሕሩን የሚሻገሩት በመርከብ ነበርና፣ በመካከሉ የሚያስቡበት፣ እርስ በርሳቸውም የሚጫወቱበት ብዙ ቀን ነበራቸው። ከመሳፈራቸውም በፊት በአውቶቡስ ከከተማ ወደ ከተማ እየተጓዙ በየቤተሰቡ ያድሩ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በዋሽንግተን ተሰብስበው ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ በዋይት ሐውስ ሜዳ ላይ ያነጋገሯቸው በዚህ ዓይነት ጉዞ መጨረሻ ነበር። የዛሬ ተማሪ ግን ማታ ከአንዱ ቤት ወጥቶ በማግሥቱ ከሌላው ዓለም ይገባል። ብዙ አየር መንገዶች ለአንድ ሻንጣ የሚፈቅዱት 23 ኪሎ ነው፤ ዓመቱ ግን በ23 ኪሎ አይታሰርም። ስለዚህ መርከቡ ይሰጥ የነበረውን ጊዜ ዛሬ በከፊል የሚተካው ያ የሜዳ ምሳ ነው።

«በስልክ ፊት ለፊት እየተያየን በየቀኑ መነጋገር ስንችል ሽኝት ለምን?» የሚል አይጠፋም። ስልክ ድምፅንና መልክን ያደርሳል፤ ይህም ትልቅ ጸጋ ነው። ነገር ግን ያላለቀን ነገር አይጨርስም። በደንብ ያልተሰናበተ ሰው ስልኩን ይዞ ወደ ኋላ ሲያይ ይኖራል፤ አንድ እግሩ እዚያ፣ አንድ እግሩ እዚህ ይሆናል። በደንብ የተሰናበተ ሰው ግን ሲደውል ዘመድ ሆኖ ይደውላል።

ደግሞም የሚቀረውን ቤተሰብ አንርሳ። ሰው ሁሉ ስለሚሄደው ሲጨነቅ፣ በማግሥቱ ባዶ ክፍል የሚጠርጉት እነሱ ናቸው። የቤቱ ትንሽ ልጅ በዓመቱ መጀመሪያ ክፍሉን አጋርቶ አኩርፎ ሊሆን ይችላል፤ አሁን ግን ወንድም የወሰዱበት ይመስለዋል። በሜዳው ምሳ ላይ ለዚህ ልጅ ሥራ መስጠት፣ ለምሳሌ ስጦታውን እንዲያቀብል ወይም ፎቶግራፉን እንዲያነሣ ማድረግ፣ ብልኅነት ነው።

በአገራችንም እንግዳ ተማሪ መቀበል ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ1958 በአክራ በተደረገው የነፃ አፍሪካ መንግሥታት ጉባኤ ላይ ኢትዮጵያ ለአፍሪካውያን ወጣቶች 200 የነፃ ትምህርት ዕድል እንደምትሰጥ አስታወቀች። ከምሥራቅና ከምዕራብ አፍሪካ የመጡት ተማሪዎች በአዲስ አበባ ከኢትዮጵያውያን ጓደኞቻቸው ጋር በአንድ ግቢ ኖሩ፤ ስለ አፍሪካ ነፃነት ያመጡት ሐሳብም በኢትዮጵያውያኑ ተማሪዎች ዘንድ ጥልቅ ምልክት ትቷል። ይህም እንግዳ ተማሪ ተቀባይ ብቻ ሳይሆን ሰጪም መሆኑን ያስረዳል። ስለዚህ በቤታችሁ አንድ ወጣት ብታኖሩ፣ ሲሄድ የአገሩን ምግብ ሠርቶ እንዲያበላችሁ ዕድል ስጡት።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ለኑሯችን የሚጠቅመውን በአጭሩ ላውጣ።

አንደኛ፤ ሽኝቱን ለመጨረሻዋ ሌሊት አታቆዩት። ሻንጣ በሚታሰርበት ሰዓት ሰው ልቡ አይረጋም። ከጉዞው ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ፣ ከቤት ወጥታችሁ፣ እንጦጦ ጫካ ወይም ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር አብራችሁ ብሉ። በኛ አገር ትምህርት የሚዘጋው ክረምቱ ሲገባ ነውና ድንኳን መያዝ አትርሱ።

ሁለተኛ፤ ምስጋናው በቃል ይነገር፤ ነገሩም ተለይቶ ይጠራ። «ስለ ሁሉም አመሰግናለሁ» የሚለው ቶሎ ይረሳል። «ታምሜ ሳለሁ ሌሊቱን ሙሉ አጠገቤ ስለ ተቀመጥሽ» የሚለው ግን አይረሳም።

ሦስተኛ፤ ቅያሜ ካለ ይነሣ። አንድ ዓመት በአንድ ጣራ ሥር ተኑሮ ቅያሜ አይጠፋም። «ያስቀየምኋችሁ ነገር ካለ ይቅር በሉኝ» ብሎ መሰናበት ልማዳችን ነው፤ ልጁም ይህን ይማር። የተዋሰውን ይመልስ፤ ያለበትንም ሒሳብ ይዝጋ።

አራተኛ፤ የሚሄደው ልጅ ለቤቱ እንዲዘጋጅ አድርጉት። ከዓመቱ ውስጥ ሦስት ነገሮችን መርጦ፣ ለወላጆቹ፣ ለጓደኞቹና ለመምህሩ እንዴት እንደሚነግራቸው አስቀድሞ ያስብበት። ሁሉን ሊነግር የሚጣደፍ ሰው አድማጭ አያገኝም።

አምስተኛው ምክር ለናንተ፣ በአውሮፕላን ማረፊያ አበባ ይዛችሁ ለምትጠብቁ ወላጆች ነው። ልጃችሁ ሲመለስ በመጀመሪያው ሳምንት ስለ ስጦታው ትጠይቁታላችሁ። በሁለተኛው ወር ስለ ሰዎቹ ጠይቁት። ያ አባት ምን ይሠራ ነበር? ያቺ እናት እንዴት ትቆጣ ነበር? ያ ትንሽ ልጅ ማን ይባላል? ስማቸውን አጥኑ፤ በበዓል ቀንም በስልክ እንኳን አደረሳችሁ በሏቸው። ልጃችሁን አንድ ዓመት ያበሉ ሰዎች ለናንተ ባዕድ አይደሉም። በቤታችሁ ስማቸው በክብር ሲጠራ የሰማ ልጅ ያየውንና የተማረውን አይደብቅም፤ «ፈረንጅ ሆነ» ተብሎ ከማፈርም ይድናል።

ምክሬን በዚህ አበቃለሁ። ልጆቻቸውን በመንገድ ላይ ያሉ ሁሉ በሰላም ያግኙ፤ እንግዳ የሸኙ ቤቶችም እንግዳ አይጡ። በሰላም ያገናኘን።